የውሃ ልክ

ፉልጌንሲዮ ኮኩን የሚያጠጣው ሐሙስ በሐሙስ፤
አባቱም እንዲሁ ነበር፣ የሴጉራ ቦይ ተራው ሲደርስ።
ዝናብ ጥሎ ቢያድር፣ ጭቃ ጫማ ቢውጥ፣
ሐሙስ ቧንቧ አይዘጋም በዚያ ማሳ ውስጥ።

በቀትር መጣሁ እኔ፣ ጥላ እግር ሥር ሲሰወር፤
ከግንዱ የተጠጋች ቅጠል መርጬ፣ በፎይል ሸፍኜ
አንድ ሰዓት ተውኳት፣
የራሷን ረስታ የዛፉን እንድትናገር።

ቆርጬ ከብረቱ ጓዳ ስከታት፣ አንገቷ ብቻ ቀረ ውጭ፤
ጋዙን ለቀቅኩ፤ መርፌው ወጣ፦ አራት… አምስት…
ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለ፣ ኑዛዜ እንደሚሰማ ቄስ፣ ዝም ጭጭ።
ሰባት ላይ ብቅ አለች፣ ከእንባ ያነሰች ጠብታ።
“አልጠማትም፤ እስከ ሰኞ ትቆይ” አልኩት በእርጋታ።

“ቅጠል ሐሙስን ታውቃለች?” ብሎ ሳቀ፤ ቢሆንም
ቧንቧውን አልነካም። እሱም ሌሊቱን አልተኛም።
ሚስቱ ኢንካርና ነገረችኝ፦ ባትሪ ይዞ በጨለማ
ግንድ ግንዱን ሲዳብስ አደረ፣
“ይቅርታ” እያለ፣ መስሎት ማንም የማይሰማ።

ሰኞ ስመጣ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤
ከዳር ዛፎች ሦስት ቅጠል አስቀድሞ በፎይል ሸፍኖልኝ።
“እነዚህን አደራ፣ ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው፤
ቢጠማቸውም አይናገሩም፣
ይሉኝታ አለባቸው።”