ፍሬ ነገሩ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከማንጎው ጥላ ስር፣
አንድ እግሯን ጡብ የተካላት ጠረጴዛ፣ ነጭ ወረቀት፣ ካርቦን፣ ክር፤
ማመልከቻ እጽፋለሁ።
የሰውን የዓመት እንባ በአንድ ገጽ እጨርሳለሁ።
«ፍሬ ነገሩን!» እላለሁ፣ ገና ሳይቀመጡ፣
ከዘጌ፣ ከደቅ፣ በጀልባ፣ ነጠላቸው ረጥቦ ለመጡ።
«ገለባውን ተዉት» እላለሁ፣ «ዳኛ ገለባ አይበላም።»
ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ አልኩ፤ አንድ ቀን እንኳ አላፈርኩም።

ማክሰኞ ከዘጌ አንዲት ሴት፣ አንጓች የምትባል፣ መጣች፤
«ፍሬውን» አልኳት እንደ ልማዴ። ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ
አንድ ፍሬ ማንጎ አወጣች፤
ወረቀቴ ላይ አስቀመጠች።

«ጉቦ ከሆነ ተሳስተዋል፣ እናቴ፤ እኔ ዳኛ አይደለሁም፤
የጽሕፈት ዋጋም ከሆነ፣ በማንጎ አልጽፍም።»
«ፍሬውን አልከኝ፤ አመጣሁ» አለች።
አልሳቀችም።

ነገሯ እንደ አሮጌ ጀልባ ሞተር፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሳል፤
ግንዱ በእሷ ጓሮ ነው፤ ቅርንጫፉ ግን ከሞላልኝ ግቢ ይደርሳል።
ዘንድሮ ገና ቢያፈራ፣ በዘጠነኛ ዓመቱ፣
ሞላልኝ ሙልጭ አድርጎ ለቅሞ፣ ሸጠው እዚሁ ገበያ፣ በዕለቱ።
አንዷ ብቻ በእሷ በኩል ወደቀች፣ ከጎመን መሃል።
ፍሬ ከርስኪ፣ አልኩ በሆዴ። «የስንት ብር ይሆናል?
ግምቱ ካልተጻፈ፣ ችሎቱ መች ይቀበለናል?»

«የብር አይደለም» አለች። «የተከለው ልየው ነው፣ የኔው ልጅ፤
ያኔ አንድ ፍሬ ነበር፣ ጢም ያላበቀለ። ማንጎ በልቶ
ፍሬዋን ቀበረ ከደጅ፤
በነጋታው ወደ መተማ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ሄደ።
‹ሳያፈራ እመጣለሁ› አለ።» ዝም አለች። ከጣና በኩል ነፋስ ወረደ፤
ወረቀቱን ሊወስድ አነሳው፤
ማንጎዋ ከብዳ መለሰችው።

«ሰሊጥ ስንት ታህላለች? ከፍሬ ሁሉ ታንሳለች።
ልጄን የሚያህል ዋጠች።»

ጻፍኩ፤ «የአቤቱታው ፍሬ ነገር» ብዬ፣ ከስሩ አሰመርኩበት።
ከዚያ ወዲያ ብዕሬ ቆመ፣ መንገዱ እንደጠፋበት።
«ዛፉ ዘንድሮ አፈራ» ልል፣ «ዛፉ ዘንድሮ አፈረ» ብዬ ጻፍኩኝ፤
ረን ከራ የምትለይ የእግር እጥፋት ናት። ልሰርዝ ስል እጄ እምቢ አለኝ።
ሃያ ሁለት ዓመት ፍሬ ስለቅም፣
ለካ ልጣጭ ነው የቀረኝ።

«ሂሳቡ?» አለች። «የለም» አልኩ። ወረቀቱን ከነስህተቱ
አጥፋ፣ ከነጠላዋ ቋጠረች።
«ማንጎዋ ከዛሬ አታልፍም፤ ብላት። ፍሬዋን ግን እንዳትጥል»
ብላኝ ወደ ጀልባው ዞረች።

ከሰዓት አንድ ሽማግሌ መጡ፣ ከደቅ፣ ምርኩዛቸው ጭቃ፤
ከኔው ተምረው ኖሯል፦ «ፍሬ ነገሩን ልንገርህ፣ ብቻ እሱን፣ በቃ»
ሲሉኝ፣ ማንጎዋን ገፋ አድርጌ ቦታ ለቀቅኩላቸው፤
«ይቀመጡ፣ አባቴ። ፍሬው ይደርሳል፤
ከአበባው ይጀምሩ» አልኳቸው።