መልክአ ምድር

ምን ትማሪያለሽ ሲለኝ «ጂኦግራፊ» ያልኩት ቀን
«በይ፣ የፔሩን ዋና ከተማ!» አለኝ አጎቴ በስልክ፣ እየሳቀ፤
መልሴን አልጠበቀም፤ ወንዝ ቆጠረ፣ ባሕረ ሰላጤ ጠራ፣
ሰባተኛ ክፍል የሸመደደው፣ እስከ ዛሬ ከአፉ ያልወደቀ።

ሊማን አውቃለሁ።
ግን የዘንድሮው ትምህርቴ አንድ የወጥ ቤት ግድግዳ ነው፣
ከኽሮኒንገን ወደ ሰሜን፣ አውቶቡስ ዞሮ የሚመለስበት መንደር፣
ላም ሜዳው ላይ ብትቆም ቀንዷ ሰማይ የሚነካበት፣
ከላም የሚበልጥ ከፍታ የሌለበት አገር።

ባለቤቷ ኼስኬ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ።
ስንጥቁ ከበሯ ጉበን ይነሣና
በግድግዳ ሰዓቱ ጀርባ አልፎ ጣራ ሥር ይገባል፤
ስስለው ወንዝ ነው፣ ግራና ቀኝ ገባር አለው።
ገባር። ቃሏን ካርታው ላይ ስጽፍ እጄ ይዘገያል፤
ማን ለማን ሲገብር እንደኖረ
ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ታች ያለው አለት ያውቃል።

ጋዙን ቀዱት፤ የምድር ሆድ ሲጎድል ወገቧ ተናወጠ፣
ከተማው እጁን ሲያሞቅ የመንደሩ ጡብ አገጠጠ።
እኔም ንጹሕ አይደለሁም፦
አንደኛ ዓመት ሳለሁ፣ የተማሪዎች መኖሪያ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
በዚያችው ሰማያዊ ነበልባል ፓስታ ስቀቅል ከርሜያለሁ።

«ከመጋቢት ወዲህ አራት ሚሊ ሜትር» እላለሁ፤ ዮሪት ይመዘግባል።
ኼስኬ እጇን አጣምራ ታየናለች።
«ከእናንተ በፊት አሥራ አንድ ሰው ለክቷል፤
መሐንዲሱ፣ የመድን ሰውዬው፣ ጠበቃው፣ ደግሞ አንድ ፎቶ አንሺ።
ስትለኩት ስትለኩት ቤቴ ጠበበኝ።»
ምን ይመለሳል? ጫማዬን አየሁ።

ዮሪት ዝምታውን ሊሰብር
«ጂኦግራፊ በናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?» አለኝ።
መልክአ ምድር፤ የምድር መልክ፣ አልኩት።
መልክእ ሌላም እንደሆነ ግን አልነገርኩትም፦
ካህኑ በሌሊት ቆሞ የቅዱሱን አካል
ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር
አንድ በአንድ እያነሣ ሰላም የሚልበት።
ዝም ብዬ ተንበርክኬ ከታች ጀመርኩ፦

ሰላም ለወለልሽ፣ ብርቱካን ሲያስቀምጡበት ወደ ምሥራቅ ለሚያንከባልለው፤
ሰላም ለመስኮትሽ፣ መዝጊያው ከአፉ ጋር ለተጣላው፤
ሰላም ለጠረጴዛሽ...

እዚህ ላይ ቆምኩ።
ከአንዱ እግር ሥር የታጠፈ ወረቀት ገብቷል፤
የድሮ የመንገድ ካርታ፣ ሟች ባሏ ሂልኮ ነዳጅ ማደያ የገዛው።
«ወለሉ በሰመጠ ቁጥር አንድ እጥፍ እጨምርበታለሁ» አለች፣
«ሾርባዬ እንዳይፈስ።»

ቆጠርኩ። አምስት።
ካርታ ሰው ሲደግፍ ያየሁት ያን ቀን ነው፤
እሱም በጀርባው ተኝቶ፣ ስሙ ሳይነበብ።

ሪፖርቴ ውስጥ፣ ሠንጠረዥ ሁለት ላይ፣ አዲስ ዓምድ ከፈትኩ።
መምህሬ በቀይ ከቦ «አሃዱ ምንድን ነው?» ሲል ጻፈበት።
«እጥፍ» አልኩ።
«የምን እጥፍ?»

ሐሙስ ቢሮው ሄጄ አስረዳዋለሁ።
ከዚያ በፊት ግን፣ ረቡዕ ከሰዓት፣
ኼስኬ ስድስተኛውን ስታጥፍ
ጠረጴዛውን ከፍ አድርጎ የሚይዝላት ሰው ትፈልጋለች።