አርባ አንድ ተኩል

በቬንትስፒልስ ወደብ፣ ገና በዘጠኝ ሰዓት፣
ባሕሩ አመድ ለብሶ ሲሰናዳ ለምሽት፣
አንድ ጠርሙስ መጣ፣ አንገቱ በሽቦ ታስሮ፣
ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ ውሃ ለመምሰል ጥሮ።
ወረቀቱ ይላል፦ «ብልጭታው ስልሳ ሁለት፤
መርከብ አያሰጋም፣ አትጨነቁለት።»
አውስማ አነበበችው፣ ገልብጣ ደፋችው።

«ወረቀት አፍ አለው፣ ሆድ ግን የለውም» አለች፣
«እሱን አንጠይቅም።» ጽዋዋን አነሣች።
የነሐስ ጽዋ ናት፣ ከጭብጥ የማትበልጥ፤
ውስጧ ጭረት አለ፣ ልኩ እሱ ነው፣ ፍንክች የማይል፣ የማይለወጥ።
ክዳኑን ደፋንባት። ክዳኑ ላይ ደግሞ አለች
ምስር የምታክል እሳት፣ ሰማያዊ የደረበች።

«ማማሰያውን አቁሚ። መስኮቷን ክፈቺ።
እሳቷን አጥልቂ። አንድ፣ ሁለት። አውጪ።»
በየዲግሪው አንዴ፣ ውሃ እንደምትጠጣ ወፍ፣
አንገቷን ታሰግጋለች ወደ ጽዋው አፍ፤
ደግሞ ቀና።

ሠላሳ ዘጠኝ፦ ዝም።
አርባ፦ ዝም።
አርባ አንድ፦
ብልጭ አለና ጠፋ፣ እንዳልነበር ሆነ፣
ዐይኑን ገልጦ አይቶን መልሶ ከደነ።

እኔ ዘለልኩ። አውስማ አልደነቃትም፤
«ይሄ አይቆጠርም» አለች፣ «ገና አልጀመርንም።
ደጁ ላይ ስንደርስ ነው የከፈተልን፤ ቶሎ ነው።
ከታች እንነሣለን። ሌላ ቅጂ፤ ይሄን ድፊው።»

ጽዋዋን አጠብን፣ አደረቅን፤ አዲሱን ናሙና በረዶ ውስጥ ዘፈዘፍን፤
እስኪበርድ ድረስ ስለሚያፈስ ጣራዋ አወራን፣
ጠጋኙ ቀጠሮ ሰጥቶ ሦስቴ ስለቀረባት።
መሐል ላይ፣ ሳልጠይቃት፦

«የሚነደው እኮ ፈሳሹ አይደለም፤
ተኑ ነው፣ ከላዩ የሚያንዣብበው፣ ዐይን የማይገባው።
ሰው ጭስን ይፈራል፤ ጭስ ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣው የለ?
የዚህን ሙቀት ያወጣዋል፣ በዲግሪ፣ ቀስ እያለ።

ስልኩ ጮኸ። ጊየድሪዩስ ነው፣ የጫኙ ወኪል፤
«መርከቤ ቆሟል» ይላል፣ «በሰዓት ስንት ዩሮ እንደምከፍል…
ድንበሩ ስልሳ ነው። ከስልሳ አስበልጪልኝ አላልኩም፤
ብቻ መሣሪያም ይሳሳታል አንዳንዴ፣ አይደለም?»
አውስማ ማማሰያው ሲዞር እያየች፣
«ይሳሳታል። ለዚያ ነው ሁለቴ የምንለካው» አለች።

ከሃያ ጀመርን። ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት።
እሳቷ ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና፣ ስእለት እንዳለባት ሴት።
ሠላሳ ስምንት ላይ ሰማያዊ ቀለበት ከበባት፣
«መጣ!» አልኩ። «አክሊል ነው» አለች፣ «አትመኚበት።
ብልጭታ ሲመጣ ዳር እስከ ዳር ነው፤
ያኔ አትጠይቂኝም፤ ታውቂዋለሽ።»

አርባ አንድ ላይ፣ ዳር እስከ ዳር።
አልዘለልኩም። ጻፍኩት።

ግድግዳው ላይ ያለውን ባሮሜትር አየች፤
«አየሩ ላልቷል፣ ማዕበል አለ፤ ግማሽ ጨምሪ» አለች።
ሰማዩ እንደ ባለሱቅ ግማሽ ዲግሪ መረቀ፤
ጊየድሪዩስ የፈለገው ሃያ ነበር። ስልኩ ውስጥ ትንፋሹ ራቀ።

ማታ ወደ ቤቴ በወደቡ አጥር ሥር ሳልፍ
አንድ ክብ መስኮት በርቷል፣ ከመርከቡ ጫፍ።
ከታንከሩ በላይ የሚተኛ ሰው፣ ስሙን የማላውቀው፣
ካልሲውን ማሞቂያው ላይ አስጥቶ ይሆናል፤ ክብሪቱ ኪሱ ውስጥ ነው።
ነገ ሰነዱ ላይ ቀይ ምልክት ያያል፣ ነበልባል ያለበት፤
ያማርራል፤ ሲጋራ ሊያጨስ ረጅም መንገድ ሊሄድ ነው፣ በንፋስ፣ በቅዝቃዜ፣ በሌሊት።
እኛን አያውቅም። ይራገመን ይሆናል።

ከዚያ ምንም አይሆንም።
ያልሆነ ነገር ደግሞ ማን ይተርከዋል?

ጣቴን አሸተትኩት። ነሐስ፣ ነሐስ ይላል።
አርባ አንድ ተኩል።