ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ

ብቸና ገበያ፣ ከሚዛኖቹ ጎን፣
ቅዳሜ የሚነሣ ክርክር አለን፤
እህሉ ተሸጦ አህያው ሲጫን፣
ሰው ደጄ ይቆማል በሁለት ወገን።

«ልየው ነው» ይላሉ ከላይ ቤት የመጡ፣
«ባንቴ ነው» ይላሉ ታች ቤቶች ሲቆጡ።
ሁለቱም ገና መትተው፣ ሁለቱም አርጅተው፣
አሁንም ይጫወታሉ በሰው አፍ ገብተው።
ዳኛ ሲታጣ ግን ወደኔ ዞረው፣
«አንተ ልብስ ሰፊ፣ ደብተርህን አምጣው!»

ደብተሬ አንድ ነው፤ ወረቀት ውድ ነበር፣
የወገብ የደረት ልክ ስጽፍበት ስኖር፣
በዚያው በጀርባው ላይ፣ ከኅዳር ጽዮን
እስከ ገና ድረስ፣ ያየሁትን ሁሉን፣
ማን ሩር አሳልፎ ስንት እንዳስቆጠረ
ከሱሪው ቁጥር ጋር አብሮ ሲጻፍ ኖረ።

ልየው አራት ዓመት፤ ከዚያ በላይ የለም፣
አንድ የወንጌላውያን ዙር፣ አራት ቀለም።
በማቴዎስ ዘጠኝ፤ በማርቆስ አሥራ አንድ፤
በሉቃስ አሥራ አራት፤ ያን ዓመት፣ እንደ ጉድ፣
የወይራ ሥር ሩሯን ሲመታት አልሞ
ሜዳው ዝም ይል ነበር ከድምጿ ቀድሞ።
በዮሐንስ ሰባት። ጉልበቱ ከዳው፣
ከድንበሩ አጠገብ ተቀመጠ፣ በቃው።
(ገና በዮሐንስ አንድ ቀን ይቀድማል፤
«ቀን ተሰርቆበት ነው» ላይ ቤት እስካሁን ይላል።)

ባንቴ አሥራ አንድ ዓመት። ስድስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣
አምስት፣ ደግሞ ስድስት፤ እንደ መኪና ስፌት።
ዝናብ ዘንቦ ጭቃ፣ ደርቆ አቧራ ቢሆን፣
የሱ ስድስት አይቀር፣ እንደ ግብር ቀን።
ስደምረው ስድሳ ስድስት፤ ያኛው አርባ አንድ፤
«ታዲያ ምን ያከራክራል?» ይላል የታች ቤት ወንድ።

«ጮቄን በጫፉ ነው ሰው የሚለካው፣
አሥራ አራትን ማነው ዳግም የነካው?»
«ጫፉማ ውርጭ ነው፣ ምን ይበቅልበታል?
ዓባይን የሚሞላው ከግርጌው ይወጣል።»
«ስድስትማ ማንም…» «አሥራ አንድ ጊዜ ግን?»
«እሳት ነበር ልየው!» «ጭድ ነው፤ አሳየን ፍሙን።»

እኔም ባለፈው ሳምንት መነጽሬን አድርጌ
አንድ መስመር አነበብኩ ከኅዳጉ ፈልጌ፦
«አላምረው አልነበረም ማርቆስና ሉቃስ፤
መምህርነት ሊማር ሄዷል ደብረ ማርቆስ።»
አላምረው የታች ቤት ግድግዳ ነበረ፣
ልየውን በትከሻው ስንቴ ያስቀረ!
ላይ ቤቶች ጮኹብኝ፣ ደብተሬን ሊቀሙኝ፤
ታች ቤቶች «ቀንስለት» እያሉ ከበቡኝ።
ሱሪ ቢረዝምብኝ እቆርጣለሁ በመቀስ፤
ያልነበረ ሰው ግን ከቁጥር እንዴት ይቀነስ?

ደግሞስ ይግዛው? ለባንቴ ሩር አቀባዩ።
ከሱሪው ልክ በቀር በደብተሬ የለም።
ያሳለፈውን እንጂ ያቀበለውን አልጻፍኩም።
ይህንን ለማንም አልተናገርኩም።

እኔስ? ሌሊት ሌሊት ልየውን አስባለሁ፤
ጠዋት ስነሣ ግን ባንቴን እመርጣለሁ።
ሥራ ላለበት ቀን ስድስት ይሻላል፣
እንቅልፍ ላጣ ሰው ግን አሥራ አራት ይደምቃል።

ማክሰኞ ልየው መጣ፣ ራሱ፣ በእግሩ፣
ጉልበቱን እያሻሸ አረፈ ከወንበሩ።
ካኪ ጨርቅ ሰጠኝ። ክርክሩን አላነሣም፤
እኔም ሜትር ዘረጋሁ፣ ምንም አልጠየቅሁም።
ቆመ። ወገብ፦ ዘጠና ስድስት። ባዶ ገጽ አጣሁኝ፣
ከአሥራ አራቱ ሥር ጻፍኩት፤ ስጽፍ አየኝ።
አንገቱን አስግጎ፣ በጣት እየቆጠረ፣
የአራቱን ዓመት ቁጥር ቀስ ብሎ ደመረ፤
«ይሄ ዘጠና ስድስት» አለ፣ ፊቱን ቋጥሮ፣
«በየትኛው ዓመት ነው፣ አላምረው ኖሮ?»
ሆዱ በሳቅ ተናጠ፣ ሜትሩ ተፈታና፣
«በል ሰርዘው» አለኝ፤ «ለካኝ እንደገና።»