ሲጠብቅ፣ ሲላላ

ስሟን ስጠራት ዞር አትልም፤
«ትርሲት!» — የለም። «ትርሲትዬ!» — የለም።
ግን አሥራ አንድ ቁጥር ትራም
ኩርባው ላይ ብረቱ ሲያፏጭ፣
ሦስት ፎቅ ታች፣ ከድርብ መስታወት ውጭ፣
አንገቷ ይሰግጋል፣ ዐይኗ ይበራል፤
ለብረት የዞረ ፊት ለእናቱ ምነው ይከብዳል?

«ጆሮዋስ ደኅና ነው» አሉን፤ ሦስቴ ለኩት።
ታዲያ የት ደረሰ፣ እኔ የጠራሁት?
በየትኛው በር ገባ፣ በየትኛው ጓዳ ቀረ፣
የማንን ደጅ ሲጠና አደረ?

ለምርመራው ሁለት ሳምንት ሲቀረን
የዋና ቆብ አጥልቀን ራት በላን፤
እኔም፣ አባቷም፣ እሷም፣ ሦስት የእንቁላል ራስ፤
ማበጠሪያ ሲነካት ቤት የምትንጥ ልጅ
ሽቦውን እንድትችል፣ ቀስ በቀስ።

ኅዳር ማለቂያ ነበር፤ ካፊያ ሲያካፋ፣
ጎተንበርግ ፀሐይዋን በዘጠኝ ሰዓት ስታጠፋ፣
ኡልሪካ ተቀበለችን። እጇ አይቸኩልም፤
«ልንካሽ?» ትላታለች፤ ሳትፈቅድላት አትነካም።
ከጣቷ የጨው ውሃ ጠብ እያለ ትጠብቃለች።
ትርሲት ቆይታ፣ ቆይታ፣ ራሷን ሰጠች።

ከድምፅ ማጉያው፦ ባ፣ ባ፣ ባ — ዳ።
ባ፣ ባ፣ ባ፣ ባ — ዳ።
መስመሮቹ ስክሪኑ ላይ እንደ ወደብ ውሃ ተነሡ፣ ወደቁ፤
ፉጨት ሲመጣ ፈጠኑ፣
የሰው ድምፅ ሲመጣ አመነቱ።
ከዚያ የራሴ ድምፅ፣ ማክሰኞ የቀዱት፦
ትርሲት። ትርሲት። ትርሲት።
ትንፋሼን ዋጥኩት።

ኋላ ነገረችኝ፣ ቃል እየመረጠች፦
«የአንዲት ልጅ፣ የአንድ ቀን መስመር ነው፤ ከዚህ አታስፊው» አለች።
«ጥሪሽ ደርሷል። አልጠፋም።
ዘገየ እንጂ፤ መዘግየቱም ጥቅሻ አይሞላም።
ብዙ ልጅ ጋ የሰው ድምፅ ቅድሚያ ያገኛል፤
እሷ ጋ ሁሉም እኩል ተሰልፏል፦
የማቀዝቀዣው እምምታ፣ ካፊያው፣ ያንቺ ጥሪ፤
ማንም ማንንም አይገፋም።»

ሰልፍስ አውቃለሁ። በመጣሁ ዓመት፣ ወረቀት ቢሮ፣
«ሴኔቤቮርክ!» ሲሉ ግራ ቀኝ አየሁ፤
ማነች ይቺ? ብዬ ለሌላዋ ሴት አዘንኩ፤
ሦስቴ ተጠርቼ፣ ወረፋዬ አልፎ፣
ዘነበወርቅ መሆኔ የገባኝ ደረጃው ላይ ነው።
ማንም ግን ራሴ ላይ ሽቦ አላሰረም፤
«ይህች ሴት አትሰማም» አላለም።

ማታ ስንገባ በየመስኮቱ የወረቀት ኮከብ በርቷል።
አንዲት ጥያቄ ጠየቅኋት፤ «ኮከቡ ያምራል?»
ድሮ በሦስት እደግማለሁ፣ በአምስት እጮሃለሁ፤
ሰልፉ ላይ ሰልፍ እጨምራለሁ።
ዛሬ ዝም። አሥር ቆጠርኩ። አሥራ አምስት።
ሃያን ልጠራ አፌን ስከፍት፣
ጣቷን ብርዳሙ መስታወት ላይ አሳርፋ
«ገና» አለች።

ጠበቀ? ላላ?
በዓሉን ነው? ወይስ «ቆዪኝ፣ አልደረስኩም» ነው?
ፊደላችን እንደሆነ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ይጽፋል፤
ማጥበቁን ለጆሮ ይተዋል፤
የኔ ጆሮ ደግሞ ዘገየ።
አራት ዓመት የጠበቅኩት ቃል
ደጄን ጠንቶ፣ ሳልከፍትለት ሄደ።

ኡልሪካ፣ እስቲ ያን ቆብ ለኔ አጥልቂልኝ።

ድገሚው አላልኳትም።
ቢጠብቅም፣ ቢላላም፣ የሚጠብቅ አለ።

ታች ትራሙ አፏጨ።
ሁለታችንም ዞርን።