ደጅ ጥናት

ቂርያት ጋት ነው ቤቴ፣ ከባቡሩ ማዶ፣
በጋው ፊቴን ልጦት፣ ክረምቱ አብርዶ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ በር ላይ ቆሜ፣
ቁልፍ ነው ማዕረጌ፣ ወንበር ነው ዓለሜ።
ቦርሳ እፈትሻለሁ፦ ኳስ፣ ዳቦ፣ እርሳስ፤
"ግቡ፣ ግቡ" እላለሁ ሰዓቱ እስኪደርስ።

ዳይሬክተሯ መጣች ከሦስት ዓመት በፊት።
ስሟ ትርንጎ ነው፣ አያቷ ያወጡላት፤
በልጅነቷ ግን፣ አዳሪ ትምህርት ቤት፣
"ለምላስ ይከብዳል" ብለው ታሊ አሏት።
በሹመቷ ቀን በሯ ላይ የሰቀለችው
ትርንጎን ነው፣ በዕብራይስጥም በአማርኛም የጻፈችው።
"ታሊ የት ሄደች?" ሲል አንድ ልጅ ጠየቃት፤
"ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እስቲ ፈልጋት።"

እንዲህ ነው ልማዱ የሷ ትምህርት ቤት፦
መልስ አይቸኩልም፤ ይቆጠራል፣ ይለካል፣ ይጠየቃል ጎረቤት።
የሐኪሙም ልጅ፣ የጽዳቷም ልጅ፣
ወረፋው አንድ ነው፤ የለም የጓሮ ደጅ።
ኢንስፔክተሩ "ስንተኛው ገጽ ደረሳችሁ?" ብሎ ቢጠይቅ፣
"ገና አንድ ጥያቄ ላይ ነን" አለችው፣ ሳትሳቀቅ።

አንድ ማክሰኞ ጧት፣ ከአራተኛ ሐ፣
በኮሪደሩ ሳልፍ፣ ልቀዳ ውሃ፣
ከጥያቄ ሰሌዳው አየሁ አንድ ወረቀት፣
የኖጋ እጅ ጽሑፍ፣ ፊደሉ የተንጋደደበት፦
"በየትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚቆመው
ለምንድን ነው ሁሌ አያቴን የሚመስለው?"

ውሃው ሞልቶ ፈሰሰ። አልዘጋሁትም።

ትርንጎ መጣች፣ እየተጣደፈች።
"ጋሼ አለልኝ፣ ካስከፋዎት ይነሣ፤
ልጅ ናት፣ ያየችውን ነው የምታወሣ።"
ቁልፉን አሽከረከርኩ። "ተዪው" አልኳት፣
"እኔም የኖርኩት እሱን ስጠይቅ ነው፤
ግን ማንን ልጠይቅ? በሩ አፍ የለው፣
ሹሙም በመኪና ገብቶ ነው የሚያልፈው።"

ልጆቹ ተነሡ፣ በእርሳስ፣ በካርታ፣
ከተማውን ዞሩት ከጧት እስከ ማታ።
አሥራ አራት በር፤ አሥራ አንዱ ላይ የኛ ሰው።
"ዳይሬክተርስ ከኛ ስንት ነው?" ቢባል፣
አንድ።
እሷም የራሳቸው ናት።

ከዚያ ክፍል አስገቡኝ፣ በትንሽ ወንበር።
ኤሊራን ደመወዜን ጠየቀ፤ ነገርኩት።
አርቲዮም "የኔ አያት ኢንጂነር ነበር፣
እዚህ ደረጃ ጠረገ" አለ፤ ያንንም ጻፉት።
ኖጋ ዓይኗን ሰብራ (ዕብራይስጥ "እርስዎ" አያውቅም፣
ሁሉም "አንተ" ነው፣ ሹሙም ዘበኛውም)፦
"አንተ ምን መሆን ነበር የምትፈልገው?"
በዚህ አገር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።
"ቀያሽ" አልኩ፣ "መሬት የሚለካ ሰው።"
አንዱ፣ ምንም ሳይል፣ የሜትር ጥቅልሉን አቀበለኝ።

"ባለመጠየቅ ይቀራል ደጃዝማችነት"፣
ይል ነበር አባቴ።
ለኔ ደጁስ አልቀረ፤ የቀረው አዝማችነት።

ለከንቲባው ተጻፈ። መልሱ ማኅተም ነበረው፦
"ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው።"
ልጆቹ ተያዩ። "ጥናት ከሆነማ
ማን ነው የሚቆጥረው? ሜትሩስ የታለ?"
ትርንጎ ሳቀች። ይህንንም ሰካችው ከሰሌዳው ላይ።

ዛሬም በሩ ላይ ነኝ። ቁልፉም ያው ቁልፍ ነው።
ደጅ ስጠና ኖሬ፣ አሁን የማጠናው ደጁን ነው፦
ወርዱ ዘጠና ሳንቲም፤
ሁለት ልጅ ትከሻ ለትከሻ አያሳልፍም።
"ለምን?" ብዬ ጻፍኩ፣ በአማርኛ፣
ከኖጋ ወረቀት ግርጌ።