ሠላሳ ሁለት ከመቶ

ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ ጨበጥኩኝ፣
ስበትን፣ ሰበቃን በሰሌዳ ጻፍኩኝ፤
ሂርማታ ገበያ፣ በአጂፕ ባለፍኩ ቁጥር
ከባጃጅ ላይ ወርዶ «ቲቸር!» የሚል ነበር።
ያ ቃል እንደ ካፖርት ሞቀኝና ተስማማኝ፤
ላወልቀው እንደምችል ማንም አልነገረኝ።

ጡረታ ወጣሁኝ። ሰኔ ነበር ወሩ፤
ጣቶቼ ሥራ ፈተው ከኪስ ኪስ ሲዞሩ
ወደ ጂሬን መውጫ፣ ዳገቱ ሲጀምር
የአባ ዲኮ ደጅ አለ፣ ሰጋቱራው ክምር።
ሽማግሌው አንድ ግንድ ይዘው ይፈለፍላሉ፤
ምስማር የለ፣ ሙጫ የለ፣ በርጩማ ያወጣሉ።

ቆሜ አየሁ ጥቂት። ዝም ማለት አቃተኝ፤
እሳቸው ሳይጠይቁ ማስረዳት አማረኝ፦
«ሦስት ነጥብ ሁልጊዜ በአንድ ጠለል ያርፋል፤
አራት እግር ሲሆን አንዱ ይንጠለጠላል፤
ለዚህ ነው፣ አባቴ፣ በርጩማዎ የሚጸና
ጎርባጣ መሬት ላይ…» አልጨረስኩም ገና፣
መሮውን አስቀምጠው አደመጡኝ ሙሉ፤
«እንዲያ ነው እንዴ ልጄ? ሌላስ?» ደግሞ «ሌላስ?» አሉ፤
«ስልሳ ዓመት ሙሉ ሦስት እግር ጠረብኩኝ፤
ለምን እንደሆነ ዛሬ ገና ሰማሁኝ።»

ሌላ አልነበረኝም።

ዞር ብለው ተጣሩ፦ «ና፣ ነዚፍ! እንግዳ!»
ፋስ በእጁ ይዞ ወጣ አንድ ወጣት ከጓዳ።
ፊቱን ሳየው ትዝ አለኝ፤ አሥረኛ «ለ»፣ በመስኮቱ፣
ከኋላ የሚቀመጥ፣ የማይፈታ አንደበቱ፤
አንድ ወረቀት መጣ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣
በእኔው እጅ የተጻፈ፦ ሠላሳ ሁለት ከመቶ።

«እሱ ያሳይሃል» አሉኝ፤ ፋሱን ተቀበልኩት፤
ካፖርቴን አወለቅኩ፣ ምስማር ላይ ሰቀልኩት።
ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴ ከደረቴ፤
ስንት ተማሪዬ አለፈ፣ አየኝ እዚያ ከነሀፍረቴ።
«ቲቸር፣ ክንድ አያድርቁ፣ አንጓዎን ይልቀቁ፤
እንጨቱን ሳይመቱት መጀመሪያ ይጠይቁ።»
እኔ ግን ቸኮልኩኝ። እርጥብ ዋንዛ ነበር፤
በሦስተኛው ቀን ጧት ተሰማ ሲሰበር፤
ተሰነጠቀብኝ ከአፉ እስከ እግሩ።
ነዚፍ አልሳቀብኝም፤ አልተቋጠረም ግንባሩ።

ማርክ አልሰጠኝም። ሌላ ግንድ አመጣ።
ያኔ በቆርቆሮው ላይ ድንገት ዝናብ መጣ፣
ከዝናቡም ጋራ አንድ ድምፅ፣ የድሮ፦
አንድ ልጅ፣ እጁን አውጥቶ፣ ድፍረቱን ቋጥሮ፣
«ቲቸር፣ ክረምት ሲገባ እንጨት ለምን ያብጣል?
በራችን አይገጥምም፤ በበጋ ግን ይዘጋል።»
አስታወስኩ መልሴንም፦ «ምዕራፉ ውስጥ የለም።
ተቀመጥ።» ክፍሉ ሳቀ። ዝም አላሰኘሁም።

መልሱን አላውቅም ነበር። ይኸው ነው ነገሩ።
ያቺን ቃል ላለማለት ስንት እጆች ታጠፉ፣ ቀሩ?

«ነዚፍ» አልኩት፣ አሁን፣ ዝናቡ ሲያባራ፤
«እንጨት ለምን ያብጣል?» ጠጋ አለ ከኔ ጋራ፤
የግንዱን አፍ አሳየኝ፤ በጥፍሩ ቆጠረ
ጥቃቅን ጉሮሮውን፤ ቀስ እያለ ነገረ።
አባ ዲኮ ደግሞ፣ ከኛ ራቅ ብለው፣
አዲስ የመጣ ግንድ አሸተቱ ገልብጠው፤
በአውራ ጣት አንኳኩት፣ ጆሮ ሰጡት፣ ዝም፤
«ይሄን ገና» አሉ፣ «ይሄን አላውቀውም።»

በጳጉሜ አለቀልኝ በርጩማዬ። ዘሟል።
እንደ ነጥብ ሕጌ ግን አይናጋም፣ ይቆማል።
ገለበጥኩት። ሆዱ ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣
በጉልህ ጻፍኩበት፦ ሠላሳ ሁለት ከመቶ።
ነዚፍ መጥቶ አየው፤ በእጁ ዳሰሰና
«አበዙት፣ ቲቸር» አለኝ። ፋሱን ሰጠኝ እንደገና።